ላም ሸጠን የገዛናት ጊታር

ሰው ከአገሩ ሲሰደድ በሌሊት ነው የሚወጣው። ከእኔ በፊት የወጡት ሁሉ ሲያወሩ ጨረቃ ሳትወጣ፣ ውሻ ሳይጮህ፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ይላሉ። እኔና ባለቤቴ አዳነ ግን ከወረታ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ተሸክሞ ሸኝቶን ነው። የማፌዝ የሚመስላችሁ ካላችሁ ታገሱኝ። እጄ ቀርፋፋ ነው። አዳነ ካረፈ ወዲህ ደግሞ አንድ መስመር ጽፌ ሌላውን እስክጀምር ሻዬ ይቀዘቅዛል። ካርቱም ውስጥ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ያሰደደችን ጊታር ናት። ቤዝ ጊታር ይሏታል። ዜማውን ሌሎቹ ይጫወቱታል፤ እሷ ከሥር ሆና ታጉረመርማለች። አዳነ የቄስ ልጅ ነው፤ ዳዊት ተምሮ፣ ክራርም ለምዶ፣ በኋላ ከአውራጃው የኪነት ቡድን ገባ። አንድ ቀን የእናቱን ላም ወለላን «በተሻለች ለውጬ እመጣለሁ» ብሎ ነድቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከጎንደር የተመለሰው ጊታር አዝሎ ነው።

አማቴን እሜቴ እላቸዋለሁ። በራፉ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ላሟስ?»

«ይቺውት፣ እማዬ።»

እሜቴ ዞር ብለው አዩዋት። ጥቁር ናት፤ ሆዷ ላይ ነጭ ሰሌዳ አላት፤ ከአንገቷ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ቀንድ ወጥቶላታል። እውነት ለመናገር የፎገራ ላም መልክ አላት። ጎንበስ ብለው ክሮቿን ቆጠሩ።

«አራት?»

«አራት ነው።»

«ክራር እንኳ ስድስት አለው! በገና አሥር አለው! ላሜን ሽጠህ በአራት ክር ትመጣለህ?»

«ወለላስ ስንት ጡት ነበራት?»

እሜቴ አፋቸው ሊስቅ ሲል ያዙት። «አራት። የእሷ ግን ይታለብ ነበር!»

በእኛ አገር ላም ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። በረከቱ ከቤት እንዳይወጣ ሻጩ ገመዱን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል። አዳነ ይህንን አልረሳም ነበር፤ የወለላን ገመድ ከትከሻው አውርዶ ሰጣቸው። ተቀብለው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላናገሩትም።

ቤታችን መብራት አልነበረውም። መብራት በሌለበት ቤዝ ጊታር ድምፅ የላትም፤ ክሩ ቢመታም ከዝንብ አይበልጥም። አዳነ ግን መላ አገኘ። ጆሮህን ከቀንዷ እንጨት ላይ አጥብቀህ ስታስጠጋ ሁሉም ይሰማል፤ ወፍራሙ ክር ደረትህ ውስጥ ይገባል። እየተፈራረቅን በአንድ ቀንድ እንሰማ ነበር። እሜቴን «ይምጡ፣ ይስሙ» ስንላቸው፣ «ላሜን የበላች እንጨት ላይ ጆሮዬን አላኖርም» ይሉ ነበር።

ይሁን እንጂ ቤታቸው የገባ ከብት አይጎዳባቸውም። አዳነ ለልምምድ በሄደበት አንድ ቀን የጊታሯ አንገት ደርቆ አዩ። እንደ ደረቀ ጠፍር ቆጥረው ከላይ እስከ ታች ቅቤ ቀቧት፤ ክሮቿንም ጭምር። አዳነ መጥቶ ሲያያት ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ክሮቹ ደነቆሩ። ዱብ፣ ዱብ ብቻ ሆኑ። እናቱን ግን ምንም አላላቸውም፤ ካኮረፉ ወዲህ በገዛ ፈቃዳቸው የነኳት ያን ቀን ነበራ።

ሊቀመንበሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጓድ አዳነ፣ ይህች መሣሪያ ለአብዮቱ ምን ትላለች?»

«ከሥር ትደግፋለች፣ ጓድ።»

«ከሥር? በድብቅ ማለትህ ነው?»

«አይ ጓድ፣ ሌሎቹ ከላይ ሲሉ እሷ ከታች…»

«ከታች ሆና ምን ታጉረመርማለች? ቅሬታ ካላት በስብሰባ ታቅርብ።»

በሳምንቱ ትእዛዝ መጣ። ጊታሯ የሕዝብ ንብረት ትሆናለች፤ አዳነ ደግሞ ከቡድኑ ጋር ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። እንደዚያ ከሄዱት ስንቱ እንደተመለሰ ወረታ ያውቀዋል። ያን ዕለት ማምሻውን እሜቴ ጊታሯን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «በሽተኛ እናደርጋታለን» አሉ።

እንደ በሽተኛ ጋቢ አልብሰን ቃሬዛ ላይ አስተኛናት። ጣራ ገዳም ጸበል እንወስዳታለን ልንል ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ያሰብነው እኔና አዳነ ከፊትና ከኋላ ይዘን፣ እሜቴ ከጎን ሆነው፣ አንገታችንን ደፍተን በገበያው ጠርዝ ልናልፍ ነበር። አንድ ነገር ግን ዘነጋን። ቃሬዛ ያየ የፎገራ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። እህል የሚሰፍረው ቁናውን ጥሎ፣ በሬ የሚያስማማው በሬውን ለሰው አስይዞ መጣ። «አምጡ! አምጡ! ለሴት ልጅ አሸክማችሁ?» እያሉ ከእጃችን ነጠቁን። ይህን ግርግር ያየው ሊቀመንበርም ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንዳደረገ ከተፍ አለ።

«ማን ናት?»

«እህቴ ናት» አሉ እሜቴ። «ከእብናት ለምርመራ መጥታ ነው።»

«ምን ነካት?»

«ድምፅዋ ጠፋ።»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ነው ብዬ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ትከሻውን አስገባ። ጥቂት እንደተራመደ ፊቱ ተለወጠ። «ምነው እንዲህ ቀለለች?»

«አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው፣ ጓድ» አለ አዳነ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቁን እያፈነ።

የርብ ድልድይ ጋ ስንደርስ አንደኛው ተሸካሚ ተደናቀፈና ቃሬዛው ዘንበል አለ። ከጋቢው ሥር አንድ ረዥም «እምምም…» ወጣ።

«አቃሰተች!» አለ ሊቀመንበሩ። «ድምፅዋ መጣ! ጸበሉ ሳይነካት!» ጸበል ኋላ ቀርነት ነው እያለ በየስብሰባው የሚሰብክ ሰው በሰው ፊት አማተበ። ከዚያም መንገዱ መሐል ቆሞ አንድ የጭነት መኪና አስቆመና ሹፌሩን፣ «ይህችን በሽተኛ ባታደርስ ወዮልህ!» አለው።

እሜቴ ከመነሻችን ጀምሮ እያለቀሱ ነበር። ሰዉ የታመመችው እህታቸው አሳዝናቸው መስሎት፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ድና ትመለሳለች» ይላቸዋል። «አይመለስም» አሉ እሜቴ፤ ሰዉ ሁሉ ቃሬዛውን አየ። እኔ አዳነን አየሁት። እናትና ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት እዚያ ድልድይ ላይ ነው፤ መሳሳም እንኳ አልቻሉም፤ እሜቴ «እህቴን አደራ» ብለው የጋቢውን ጫፍ አስተካከሉ።

የጎንደርና የመተማን መንገድ አላወራላችሁም፤ በእግሩ የሄደበት ያውቀዋል። ድንበሩን ስንሻገር ግን አንድ ወፍራም ሹም ጋቢውን ገልጦ ጠየቀን።

«ምንድን ነው?»

«ጊታር።»

«ጊታር ስድስት ክር ነው ያለው። ሁለቱ የት ሄዱ?»

አዳነ ሲደክመው ቀልድ ይመጣለታል። «ደርግ ወረሳቸው።»

ሹሙ በሐዘን ከንፈሩን መጥጦ መዝገቡ ላይ ጻፈ። በኋላ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ወረቀታችንን ሲያይልን «ንብረታቸው በከፊል የተወረሰባቸው ባልና ሚስት» ይላል አለን። እስካሁን ድረስ በዚያ ወረቀት ነው የምኖረው።

ካርቱም ስንገባ ክረምት ነበር። እኛ ክረምት ስንል ርብ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን፣ ከብቱ ደረቅ መሬት ፍለጋ ሲሰደድ ነው። የእዚህ ሰማይ የሚያመጣው ሀቡብ የሚሉትን የአቧራ ግድግዳ ነው። ጎርፍ ቢሆን እንኳ ይሸሻል፤ አቧራ ግን ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይጠብቅሃል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸውን እንጀራ መስሎኝ ስጠቀልለው እጄ ላይ አለቀ። ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፤ ሰላምታቸው ብቻ እንደኛው ረዥም ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ የመጣህበት ጉዳይ ይጠፋሃል።

የቤት አከራያችን ሐጃ ዘይነብ በሁለተኛው ሳምንት ደጃችንን አንኳኩ።

«ክፍላችሁ ላም ላም ይሸታል። ላም አስገብታችኋል?»

«ጊታር ናት፣ ሐጃ።»

«ጊታር ላም ላም አይሸትም።»

«የእኛ ይሸታል።»

የእሜቴ ቅቤ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ቀልጦ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። አዳነ ሥራ ፍለጋ የሠርግ ተጫዋቾች ጋ ሲሄድ ሰምተዋት፣ «ይቺ ደንቁራለች፤ ክሯን ቀቅለው» አሉት። ፈታትቶ ሰጠኝና በድስት ቀቀልኩት። ቅቤው ላይ ላዩን ተንሳፈፈ። ሐጃ ሽታውን ተከትለው ገቡና ክዳኑን አነሱ። የተጠቀለለ ሽቦ ውኃ ውስጥ ሲፈላ አዩ። ክዳኑን መልሰው ወጡ። ወዲያው አንድ ሰሐን ፉልና ዳቦ ይዘው ተመለሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጆቼ፣ እስከዚህ ድረስ መራባችሁን ለምን አልነገራችሁኝም?»

ክሩ ደርቆ ሲታሰር ድምፁ ተመለሰ። አዳነም በየሠርጉ መምታት ጀመረ። ቀን ቀን ሰው የጣለውን፣ አንገቱ የጎበጠውን ቤዝ እየገዛ፣ እየጠገነ ይሸጥ ነበር። አንገት ውስጥ የተቀበረ ብረት አለ፤ በትንሽ መፍቻ ጥቂት ሲዞር ጉብጠቱ ይቃናል። አዳነ አንዱን ሲገዛ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጊታሩ ራስ በኩል አንገቱን ያያል፤ ወረታ ገበያ የበሬ ጀርባ እንደሚታየው። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ቀንዱ ላይ አስጠጋለሁ። «ይህኛው ውስጡ ተሰንጥቋል» ስል ተሰንጥቆ ይገኛል። ሻጮቹ «ሐበሻዪቱን ሳታመጣ ና» ይሉት ነበር። ሌሎቹን ሁሉ ሸጥን። የራሳችንን ጥቁሯን፣ ወለላ ያልናትን፣ ግን አንድም ቀን ለገበያ አላቀረብናትም።

ከዚያ አዳነ ታመመ። ወባ ነው አሉን፤ ወባ ብቻ አልነበረም። ጣቶቹ አልጋው ጠርዝ ላይ ክር የሚመቱ ይመስሉ ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ጊታሯ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። እኔ መስማት እንጂ መምታት አላውቅም። የሚመታት ሰው ከሌለ ደግሞ በዚህ ሙቀት ክሮቿ እየሳቧት አንገቷ መጉበጥ ጀመረ፤ ሳትታለብ እንደቀረች ላም። ሐሰን የሚባል፣ አዳነ ያስተማረው የሠርግ ተጫዋች፣ እንድሸጥለት በትሕትና ጠየቀኝ። እሺ ልለው አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ላሟ የእሜቴ ናት። ሳይጠየቁ አንዴ ተሸጣባቸዋለች፤ ሁለተኛ አይሆንም።

በሰው እጅ ደብዳቤ ልኬ ቀን ቀጠርን። እሳቸው ወረታ ስልክ ቤት ይቀርባሉ፤ እኔ ከካርቱም እደውላለሁ። ጊታሯን አዝዬ ሄድኩ፤ ሐሰን በር ላይ ሊጠብቀኝ ነበርና።

«እሜቴ፣ የሺ ነኝ።»

«ማን?»

«የሺ፣ የአዳነ…»

 መርዶውን ሽማግሌዎች በንጋት ቤታቸው ሄደው ነግረዋቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ ስንሰማማ የመጀመሪያችን ነው። መስመሩን የሚያዳምጥ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ለቅሶም አገርም አላነሳንም።

«ስለ ላሟ ነው የደወልኩት፣ እሜቴ። አላቢዋ ከሄደ ወዲህ ቆማ ትውላለች። ጎብጣ እንዳትቀር ፈራሁ። የሚፈልጋት ሰው አለ።»

«እጁ ይለሰልሳል?»

«ማለብ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው።»

 በመሐል የወረታው ስልክ ቤት ሠራተኛ ጥልቅ አለ። «እናቴ፣ ካረጀች ይሽጧት እንጂ! መስመር ተያዘ!»

«አንተ ደግሞ! ያንተ ላም ናት?» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሺ፣ እዚህ ሳለች ጆሮዬን ነፈግኳት። አንድ ጊዜ ብሰማት።»

ጋቢውን ገለጥኩ። የስልኩን እጀታ አፉን ቀንዷ ላይ አጥብቄ ያዝኩና፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቴ መታሁት። የካርቱሙ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሳ። አንድ ጊዜ ደግሜ መታሁና እጀታውን ወደ ጆሮዬ መለስኩ።

እሜቴ ይተነፍሳሉ። «እምቧ አለች» አሉ። «ወለላ እኮ ናት።»

«እውነትም ላም ናት!» አለ የወረታው ሠራተኛ።

«ሽጫት፣ ልጄ። ታልባ ትደር። ገመዷን ግን እንዳትሰጪ።»

መስመሩ ተቋረጠ።

እዚያው ስልክ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አራቱንም ክር ፈታሁና ጊታሯን ለሐሰን አስረከብኩት። ግራ ገብቶት አገላበጣት።

«ክሩስ?»

«በአገራችን ላም ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም።»

እኔን አየ፤ እጄ ላይ የተጠቀለለውን ክር አየ። «እሺ፣ እህቴ» አለ፤ «ገመዱ ከአንቺ፣ ሣሩ ከእኔ።»

ሦስቱ ክሮች ክፍሌ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። ወፍራሙን ወደ አገር ለሚገባ ሰው በእጁ ላኩት። መድረስ አለመድረሱን ሳላውቅ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ስንደዋወል ከሰላምታው በፊት ጠየቅኳቸው።

«ገመዷ ደረሰች?»

«ደርሳለች። ከወለላ ገመድ ጎን ምሰሶው ላይ ሰቅያታለሁ» አሉ። «ግን ምነው እንዲህ አድርቀሽ ላክሻት? ቅቤ ቀባኋት።»

ቅቤውን እንዲለቅ ያንን ክር በድስት እንዴት እንደቀቀልኩት ትዝ አለኝ።

«ደግ አደረጉ፣ እሜቴ» አልኳቸው።