የኪሞኖው ትርፍ ጨርቅ

ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ሌላ የምለው ስለሌለኝ ነው። አረፋ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የሰፈራችን የመጋላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ያን ሰሞን ነው ልብስ ትዝ የሚለው። እኔ ደግሞ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ከንጋት እስከ ምሽት እረግጣለሁ። ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ሙቀቱ የድሬ ሙቀት ነው፣ ምን ይወራለታል። ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «የእኔን አስቀድም!»

ጃፓኖቹ ለጥጥ ፋብሪካው ሥራ ከመጡ ዓመት አልፏቸዋል። ወንዶቹን እናውቃቸዋለን፤ ሴቶቹ ግን ከሚኖሩበት ሰፈር ከከዚራ ብዙም አይወጡም። ስለዚህ አንዲት ጃፓናዊት የደጫቱን ወንዝ ተሻግራ እኛ ሰፈር ስትደርስ በረንዳው ሁሉ ሥራ ፈታ። ቀሚሷ እንደማንኛውም ፈረንጅ ቀሚስ ነው፤ ጉዱ ጫማዋ ነው። ሰዎቻችን ከሶላት በፊት ለውዱእ ሲታጠቡ የሚጫሙትን የሚመስል እንጨት ነው፣ ከሥሩ ሁለት ጥርስ አለው። ነጭ ካልሲዋ አውራ ጣቷን ለብቻው ያስገባል። «ወሪያ! እግሯ የግመል ነው እንዴ?» አለ ጎረቤቴ ጫት ሻጩ። ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ።

ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። አብራት የመጣችው ሠራተኛዋ ናት፣ የቀፊራ ሰፈር ሴት። በምን እንደሚግባቡ እንጃ፤ ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በየቋንቋው ስብርባሪ መሆን አለበት። ሠራተኛዋ ጥቅል ፈታችልኝ።

«አንተ፣ ይህችን ሴት ገላግላት» አለችኝ። «ልብስ አጥባለሁ ብላ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታችው፤ ጨርቁን ሳንቃ ላይ ለጥፋ አደረቀችው። አበደች ብዬ ነበር። ለካ አገራቸው እንዲህ ነው የሚታጠበው። መልሳ ልትሰፋው ስትል ዘይት እጇን ጠበሳት።»

ጥቁር ሰማያዊ ሐር ነው፤ ከታች በኩል ነጫጭ ሽመላዎች ይበሩበታል። ስምንት ቁራጭ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ። ኪሞኖ የሚባል ያገራቸው ልብስ ነው አለችኝ። የሟች እናቷ ነበር፤ ከእናቷ ለእሷ ደርሷታል። አሁን ልጇ አገር ቤት ልታገባ ነው። ቅዳሜ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ያገሯ ሰው ለሙሽራዋ ይዞላት ይሄዳል።

«በእጅ ስፋው ትልሃለች። አንዱን እጅጌ ያልፈታችው እሱን እያየህ እንድትሠራ ነው።»

ሴትየዋ በደህናው እጇ መርፌ ስትስብ አሳየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። ለእኔ እኮ ነው! መጋላ ውስጥ ለእኔ እንዲያ ያጎነበሰ ሰው የለም። «አብሽሪ» አልኳት፣ አማርኛ እንደምትሰማ ሁሉ።

ከሄዱ በኋላ እጅጌውን ገልብጬ ሳየው አፈርኩላቸው። ስፌቱ ረጃጅምና ልል ነው፤ ክሩን ሳብ ቢያደርጉት ተተርትሮ ያልቃል። ከውስጥ ደግሞ አራት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ እንዲሁ ታጥፎ ተትቷል። እኔን ያስተማረኝ የመናዊ ይህን ቢያይ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። እሱ ዘንድ ትርፍ ይከረከማል፣ ጠርዝ ይዘጋል፣ የልብስ ውስጡም እንደ ውጪው ይጸዳል። እኔም በዚህ ነበር የምኮራው።

እስከ ሐሙስ አልነካሁትም። ሐሙስ መርፌ ይዤ ጀመርኩ፤ አንድ ክንድ ሳልሰፋ ዓይኔ ፈዘዘ። አጠገቤ ያልተነካ የጀለቢያ ክምር አለ። በቃ! አልኩና ወደ መኪናው አስገባሁት። የድሮውን እጥፋት ተከትዬ ድርብ ስፌት ሰፋሁት። ያልተፈታውንም እጅጌ ፈትቼ በእኔ ደንብ አስተካከልኩት። ትርፉን ሁሉ በመቀስ ከረከምኩና የምቀመጥበት ትራስ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። የልጅቷን ቁመት እንኳ አልጠየቅሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፤ ቁመት ሳልጠይቅ ለሙሽራ ሰፋሁ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ሴትየዋ ልብሱን አይታ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ገለበጠችው። ስፌቱን በጣቶቿ እየዳበሰች ሄደች፣ ሄደች፣ ቆመች። አንድ ነገር ጠየቀች።

«የውስጡ ጨርቅስ?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

እኔ ሞኙ ደረቴን ነፍቼ «አጽድቼላታለሁ በያት» አልኩ።

«አቦ፣ አንተ ሰውዬ ምን አደረግክ! ልጅቷ እኮ በቁመት ከእናቷ ስንዝር ትበልጣለች። እዚያ አክስቶቿ ስፌቱን ፈትተው፣ በውስጡ ትርፍ ሊያስረዝሙትና ሊያሰፉት ነበር። ለዚህችም ከእናቷ ሲደርሳት እንደዚያው ነው የተደረገላት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እጅጌውን እያየህ ሥራ አላልኩህም?»

ብላኛለች። ትራሱን ቀድጄ የከረከምኩትን አወጣሁት፤ ቀጫጭን ሆኗል፣ ለምንም አይሆንም። ልቀጥለው ብዬ ለሴትየዋ ባሳያት አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስፌቱን በጥፍሯ ልትፈታ ሞከረች። የእኔ ስፌት ደግሞ አይፈታም፤ ጥቂት ክር ብትነቅል ሐሩ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ተሰልፎ ታየ። ተወችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኛ ሰፈር ሰው ሲያጠፋ ይጮኽበታል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገሩ ያልቃል። እሷ አጣጥፋ ይዛው ሄደች፤ እኔ ከነእፍረቴ እዚያው ቀረሁ።

ቅዳሜ እጄ አልሠራ አለኝ። ጀለቢያውን ሁሉ ትቼ ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ይሆናል፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ያገሯ ሰው ባቡሩ መስኮት ላይ ቆሟል። እሷ ከሥር ሆና አንድ ደብዳቤ ብቻ ዘረጋችለት። ኪሞኖውን ራሷ ለብሳዋለች።

ሠራተኛዋ አየችኝና መጣች። ቁጣዋ በርዷል፤ እሷም የደከማት ትመስላለች።

«ከእንግዲህ የእኔው ነው አለች» አለችኝ። «ከእኔ በኋላ የሚለብሰው የለም አለች።»

ባቡሩ ጮኾ ተነሳ። ወደ እሷ መሄድ ነበረብኝ፤ ፈራኋት። ቆሜ ግን ማየት አልተውኩም፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ሌላ ነገር አያውቅም። ትከሻዋ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ልክክ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ልክ የሆነ ልብስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።