የጋሼ የራሳቸው ድምፅ

የአጎቴ የጋሼ አርባ ደረሰ፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም።

ጨንቻ ተወልደው ያደጉ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ፊልም ሠሪዎቹ መልካቸውን ወደዱት፤ ጋሞኛ የሚጫነውን አማርኛቸውን ግን «ያስቃል» ብለው በሌላ ሰው ድምፅ ተኩት።

ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን ፊልማቸው በታየ ቁጥር «እስቲ ድምፁን አጥፊው፣ የኔ ልጅ» ይሉኝና ንግግራቸውን ራሳቸው ይሉት ነበር። ስንስቅ ይቆጣሉ፦ «ምን ያስገለፍጣችኋል? ዋናው እኮ ይሄ ነው!»

እኛም ሞኞቹ፣ ነገም ያሉ መስሎን፣ አንድ ቀን እንኳ በስልካችን አልቀዳናቸውም።

የቀብሩ ዕለት የፊልሙ ዳይሬክተር ድንኳን ገብቶ እንባውን እየጠረገ «ያ ድምፃቸው ከጆሮዬ አይጠፋም» አለኝ።

ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ መለስኩለት፦ «የማን ድምፅ ነው ጌታዬ? የሳቸውንማ አሁን ቀብረን መመለሳችን ነው።»