የአዞዋ ፍሬን

ጋምቤላ ውስጥ ያቺን መኪና የሚወዷት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሼ። ቀይ ናት፣ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊልስ ምንም አይቀረው። የሩጫ መኪና ናት እንግዲህ፣ ለአስፋልት የተሠራች። እኛ ጋ ደግሞ ያለው በበጋ አቧራ፣ በክረምት እግር የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ነው። ያመጣት ኢታንግ ስደተኞች ጋ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ነው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ሁሉም ሲበታተን፣ ቁልፏን ጋሼ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ በአውሮፕላን ሄደ። የሰፈሩ ልጆች መሬት ለመሬት ስትሳብ አይተው «አዞዋ» አሏት፣ በዚያው ጸናላት።

ጋሼ ወሎዬ ናቸው፣ ሙስሊም፣ በጎረምሳነታቸው የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ጨው፣ ሳሙና፣ ምስማር፣ ላምባ ይሸጣሉ። እኔ ከጎግ ገጠር ነኝ። አባቴን ለወታደርነት አፍሰው ወሰዱት፣ አልተመለሰም። እናቴ በዘጠኝ ዓመቴ «ሂድ ተማር» ብላ ከተማ ዘመድ ቤት ላከችኝ። ተማርኩ ወይ? ሰባተኛ ክፍል ላይ ከአስተማሪ ጋር ተሰዳድቤ ወጣሁ። አፌ ነው ጠላቴ። ያደግሁት ግን ዘመዴ ቤት አይደለም፣ ጋሼ ሱቅ ነው። ጆንያ ስሸከም፣ ሚዛን ስጠብቅ፣ እሳቸው የመኪና ሆድ ሲከፍቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳይ። አማርኛዬንም የወሰድኩት ከዚያ ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልናጠና ተሰብስበን «ያረቢ» ሲያመልጠኝ ጓደኞቼ በሳቅ ይሞታሉ። እሁድ የምዘምርበትን ነጭ ሸሚዝ የምትተኩስልኝ የጋሼ ሚስት ነበረች። እትዬ ነው የምላት። «ጌታህ ፊት ተጨማድደህ ትቆማለህ?» ትለኛለች።

ከዚያ ክልል ሆንን ተባለ። ቢሮ ተከፈተ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ የኛ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ጨፍሬያለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ለምን አልጮህም? ስንት ዘመን «አንተ ጥቁር» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ግን ከዚያ ደስታ ጀርባ ሌላ ነገር ተከትሎ መጣ። ጎረምሶች ጋሼ ሱቅ በር ላይ ተደግፈው «እናንተ መቼ ነው አገራችሁ የምትሄዱት?» ማለት ጀመሩ። እየሳቁ ነው የሚሉት። አብረውኝ የተማሩም በመካከላቸው ነበሩ። እኔ ስወጣ ዝም ይላሉ፣ ስገባ ይቀጥላሉ። ሁለት ደገኛ ነጋዴዎች ዘግተው ወጡ። አንድ ጠዋት ደግሞ የጋሼ ሱቅ ቆርቆሮ በድንጋይ ተጎድጉዶ አገኘነው።

 ጋሼ የነገሩኝ ያን ዕለት ሳሙና እየደረደርን ሳለ ነው።

«እንሄዳለን።»

«የት?»

«የት ይባላል? አገሬ ነዋ። ዕቃው ቅዳሜ በጭነት መኪና ይወጣል። እኛ በአዞዋ።»

«በአዞዋ? ጋሼ፣ እሷ እኮ ፍሬን የላትም!»

«አንተ ምን ሆነህ?» አሉኝ። «አንተ ትሠራታለህ።»

እውነታቸውን ነው፣ ከኔ በቀር የሚሠራት አልነበረም። ሁለት ክረምት ዝናብ ላይ ቆማ የፊት ፍሬኗ ዝጎ ተጣብቋል። ጋሼ ወገባቸውን ስለሚያማቸው መኪና ሥር መግባት ካቆሙ ቆይተዋል። ለካ ለእኔ ሳይነግሩኝ መርካቶ አስልከው፣ ያገለገሉ ሁለት ካሊፐሮችና አዲስ የፍሬን ሸራ አስመጥተዋል። ካሊፐር ማለት ሸራውን ከጎማው ጀርባ ያለው ዲስክ ላይ የሚጨብጠው ብረት ነው፤ እሱ ካልጨበጠ መኪናው አይቆምም። እኔን ሳሙና እያስደረደሩ፣ እሳቸው መሄጃቸውን ሲያዘጋጁ ከርመዋል። ተናደድኩ። ግን «አልሠራም» ማለት ለጋሼ? አልቻልኩበትም።

ሰኞ ጠዋት ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ በክሪክ አነሳኋት። ጎማ ፈታሁ። የድሮዎቹ ካሊፐሮች እንቢ አሉ፤ በመዶሻ፣ በላምባ፣ በስድብ ነው የወጡት። አዲሶቹን ከጆንያ አውጥቼ ከመኪናዋ ፊት መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው፣ አንዱን በቀኜ፣ አንዱን በግራዬ። ሸራውን ከተትኩ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅሁ፣ ጋሼን ጠራኋቸው። ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ፍሬኑ አይይዝም፤ አንዱ ሲረግጥ፣ ሌላው ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ከፈት አድርጎ አየሩን ያስወጣል።

«እርገጡ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዙ! … ልቀቁ!»

እስከ ማታ ረገጡ። ፔዳሉ እንደ በሰለ ማንጎ ልምሽሽ እንዳለ ቀረ።

«እኔ ወላሂ» አሉ ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ተሳቢ ጎትቼ ያልደከምኩ፣ በዚህች ጫማ በምታክል መኪና ልሙት?»

«ጋሼ፣ አየር የያዘው ጉልበትዎ ነው።»

«ምነው ይሄን ምላስህን አብሬ መርካቶ ልኬ ባስቀየርኩት!»

ሳቅን። እትዬ ሻይ ይዛ መጥታ ስንስቅ አይታ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሰማዩን አየች። ሁላችንም ሰማዩን እናይ ነበር። ዝናቡ ቀርቧል፣ ከጀመረ ደግሞ በቡሬ አድርጎ ወደ ጎሬ የሚያወጣው የደጋ መንገድ ይቆረጣል፣ ክረምቱን ሙሉ ከጋምቤላ በመኪና መውጣት የለም።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ሥሯ ገባሁና ነገሩን አየሁት። አየር ማስወጫዋ ቡሎን ወደ መሬት ነው የምታየው። የሌላኛውንም ሄጄ አየሁ፣ እንደዚያው። የቀኙን ግራ፣ የግራውን ቀኝ ገጥሜዋለሁ! ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆሜ፣ የእኔን ቀኝ የእሷ ቀኝ መስሎኝ ነው። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ቡሎኗ ታች ከሆነች የፍሬን ዘይቱ ይወጣል እንጂ አየሩ እላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ሺህ ጊዜ ቢረገጥ አይወጣም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ፈትቶ ማቀያየር፣ የአንድ ሰዓት ሥራ።

አፌን ከፍቼ ልጠራቸው ነበር። «ጋሼ» አልኩ።

«አቤት» አሉ ከላይ።

እዚያ በጀርባዬ ተኝቼ በጎማው ክፍተት ሰማዩን አየሁ። በምዕራብ በኩል ጠቁሯል።

«እርገጡ» አልኳቸው።

በቃ፣ ይኸው ነው ያደረግሁት። አላቀድኩትም፣ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬም አልገባሁም። ማክሰኞ ዋለ፣ ረቡዕ ዋለ፣ ሐሙስ ዋለ። እሳቸው እንደ ምድጃ የጋለች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይረግጣሉ፣ እኔ ሥሯ ተኝቼ ዘይቱን በብልቃጥ እየተቀበልኩ መልሼ እሞላለሁ። እየረገጡ የድሮ የሹፌርነት ወሬ ያወሩልኛል፤ ማርሽ ተሰብሮባቸው ሦስት ቀን በረሃ ላይ ማደራቸውን፣ እትዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በጭነት መኪና መስኮት ማየታቸውን። ስምንት ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ያላወሩልኝን በእነዚያ ሦስት ቀናት አወሩልኝ። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ ዝናብ እንዲመጣ ጸለይኩ፣ ያውም ተንበርክኬ።

ዝናቡ አልመጣም።

ዓርብ ጋሼ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ነጭ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ እኔ መጡ።

«ጎማዎቹን ግጠም» አሉኝ። «ነገ ከጭነቱ ጋር እንወጣለን።»

«ፍሬኑስ?»

«በማርሽ እይዛታለሁ። የእጅ ፍሬንም አለ። ትናንት የተወለድኩ ሹፌር አይደለሁም።»

«ጋሼ፣ ጎሬን አልፈው መቱ ሲወርዱ ያለው ቁልቁለት …»

«አውቀዋለሁ! አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ! እዚህ ከምንጠብቅ እዚያ ብንወድቅ ይሻላል።»

ልጃቸው፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ይሄን ጊዜ በሩን ከፍታ ከኋላ ወንበር ገብታለች። አዲስ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ ተቀመጠች።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለችኝ። «አንተ የት ነው የምትቀመጠው?»

 ይቺን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ያቺ መኪና ያለ ፍሬን ቁልቁለት ስትወርድ ታየኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ካሊፐሮቹን አገላብጬ ነው የገጠምኳቸው። የቀኙ ግራ ገብቷል። አየሩ ያልወጣው ለዚያ ነው። አሁን እፈታዋለሁ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው በጎማው በኩል አዩ። ሹፌር አይደሉ፣ ወዲያው ገባቸው። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«አሁን» ብል ያልቅ ነበር። እኔ ለውሸት አፍ አላጣም። ግን እኚህን ሰው ዋሽቻቸው አላውቅም፣ ሦስት ቀን ዝም ማለት መዋሸት ካልሆነ።

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ» አሉ። «ዛሬ ጁምዓ ነው።»

«እንዳትሄዱብኝ ብዬ ነው።»

ልጃቸውን ከመኪናዋ አወጧትና ከኋላቸው አቆሟት። ከዚያ በቀስታ፣ «እንዳንሄድ ነው» አሉ፣ «ወይስ እንዳንደርስ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ መንገድ ላይ ልገድላቸው የፈለግሁ መስሏቸው ነው። እኔ? የማንን ቤት እንጀራ በልቼ ነው ያደግሁት? ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው አልፈርድባቸውም። ሱቃቸው በድንጋይ የተመታባቸው ሰው ናቸው፣ በየቀኑ «መቼ ነው የምትሄዱት» የሚባሉ ሰው ናቸው፣ በዚያ ላይ እኔ ሦስት ቀን ደብቄዋለሁ። ያን ዕለት ግን አላሰብኩም። ያን ዕለት የቀደመኝ አፌ ነው።

«እንግዲያው ሂዱ!» ብዬ ጮህኩ። «ሂዱ አገራችሁ! ማን ያዛችሁ!»

 እትዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ከአጥር ውጭ ያለፈ ሁሉ ሰምቷል። ያልኩትን ልመልሰው ፈለግሁ፣ ቃል ግን እንደ ቡሎን ተፈትቶ አይመለስም። ጋሼ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መፍቻውን ከእጄ ወሰዱና «እጅህን ታጠብ» አሉኝ።

ገበያ አጠገብ ካለው ጋራዥ መካኒክ አስመጡ፣ እንደሳቸው ደገኛ። እኔ ማንጎው ሥር ቆሜ አየሁ። የቀኙን ወደ ቀኝ፣ የግራውን ወደ ግራ አዛወረ።

«ይርገጡ» ይላል፣ «ይያዙ፣ ይልቀቁ።»

አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ጋሼ ሰውየውን «ሌላም ነገር ነክቶ እንዳይሆን፣ ሁሉንም እይልኝ» አሉት። እኔ እየሰማሁ ነው። ሰውየው መሪውን አየ፣ የጎማ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። 

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ዳር ቆምኩ። ጭነቱ ቀደመ፣ አዞዋ ተከተለች። እትዬ በመስኮት አየችኝ፣ እጇን ወደ አፏ ወሰደች፣ ከዚያ ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። ጋሼ ፊት ለፊታቸውን ነው የሚያዩት። ትንሽ እንደራቁ ፍየሎች ወደ መንገዱ ገቡ። የኋላ መብራቶቿ ቀይ ሆነው በሩ፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ወደ ጎን እንኳ ሳትል። ጥሩ ፍሬን ነው። አሁን በሩ ይከፈታል፣ አሁን ይወርዳሉ፣ ወይ ይሰድቡኛል ወይ ይጠሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፍየሎቹ አለፉ። መብራቱ ጠፋ፣ አቧራው ተነሳ።

ዝናቡ ረቡዕ ጀመረ፣ መንገዱም ተቆረጠ።

በሳምንቱ በተዘጋው ሱቅ በር በኩል ሳልፍ፣ እዚያ ይደገፉ የነበሩት ጎረምሶች ዝናቡን ተጠልለው ቆመዋል። አንዱ ሲያየኝ ቀና አለ፤ ስድስተኛ ክፍል አብረን አንድ ዴስክ የተቀመጥን ነው።

«አንተ ነህ አሉ ፊት ለፊት ‹ሂዱ አገራችሁ› ያልካቸው» አለኝ። «እኛ ዓመት ሙሉ ለፍተን ያልሆነልንን!» ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ። «አንተ ነህ ወንድ!»

እኔም ጨበጥኩት።