የጊታሪስቱ ሸሚዝ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከዚያም በላይ ጠርጣራ ናት። ደንበኛ "ወገቤ ይኼን ያህል ነው" ሲላት "እሺ" ትልና ሜትሯን ታወጣለች። ጨርቅ ነጋዴው "ቀለሙ አይለቅም" ያላትን ጨርቅ እዚያው ሱቁ ውስጥ በምራቋ አርሳ ታሸዋለች። ሰው ሲታዘባት "ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" ብላ አፉን ታስይዘዋለች። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ቤቷ ስላደግሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬ መፈተሹን እንደ ሰላምታ ነበር የምቆጥረው።

ሁሉን ትጠርጥር እንጂ የዕድሜ ልክ ተጠርጣሪዋ አንድ ነበር፤ ባሏ። ባሏ ዛሬ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ግን የሮክ ባንድ ጊታሪስት ስለነበር ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ጊታሪስቱ ነው የሚባለው። የባንዱ ዘፋኝ ደግሞ የአክስቴ ወንድም፣ አጎቴ ነበር። አንድ ቀን ለኮንሰርት ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ሁለቱ ዛሬም ከአያቴ ጋር ከምንኖርበት ከዚሁ ቤት ደጅ በባንዱ አሮጌ መኪና ተነሱ። አክስቴ ያን ሰዓት ጨርቅ ልትገዛ ወጥታለች። መኪናው ገደል ገባ፤ አጎቴ ሞተ፣ ጊታሪስቱ ተረፈ። ሁለቱም ወደ ውጭ ተወርውረው ስለተገኙ ማን ይነዳ እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ። አጎቴ ጠጥቶ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል፤ ጊታሪስቱ ደግሞ መጠጥ ባፉ አይዞርም። ስለዚህ ሰፈሩ "ያልጠጣው ነው የነዳው" ብሎ ፈረደ። እሱ አዎም አይደለምም ሳይል፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

አክስቴ ያኔ እጮኛው ነበረች። ትወደው ስለነበር አገባችው፤ ጥርጣሬዋንም ከስፌት መኪናዋ ጋር ይዛ ወደ ትዳሩ ገባች። ወንድሜን የገደለው ይሄ ይሆን? ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ከአፏ ሳታወጣው ፀጉሯ ሸበተ።

ከባንዱ ጋር ይዞር የነበረ አንድ ጸሐፊ ታሪኩን ልብ ወለድ አደረገው። መጽሐፉ ሰው እየተዋዋሰ ሽፋኑ እስኪረግፍ የሚያነበው ሆነ። ደራሲው ግን ብልጥ ነበር፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ "አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ያንጎራጉራል" ብሎ አለፈ። አንባቢ ሲከራከርበት ኖረ፤ ደራሲውም ሳይናገር ሞተ።

ይህ መጽሐፍ ነው እንግዲህ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሊሆን ነው የተባለው። ወሬውን ስትሰማ አክስቴ ስፌቷን አቆመች።

"ደራሲውስ አመለጠ" አለችኝ። "እነዚህ ግን መሪው ጋ አንድ ሰው ማስቀመጣቸው አይቀርም።"

የድራማው የአልባሳት ኃላፊ መጥታ "የባንዱን ልብስ ያኔ የሰፉት እርስዎ ነዎት አሉ፤ አሁንም ይስፉልን" ስትላት አክስቴ ያለወትሮዋ ሳትከራከር ተቀበለች። ዳይሬክተሩ ደግሞ ጊታሪስቱን ለምክር እያለ ያስጠራው ጀመር።

"ምን ጠየቁህ?" ትለዋለች ሲመለስ።

"ስለ ጊታር።"

"ሌላስ?"

"ስለ ጊታር ክር።"

ወደ እኔ ዞራ "ሰማሽው? ለክር ይኼን ሁሉ ምልልስ!" ትላለች።

ልብሶቹ ተሰፍተው ሊያልቁ ሲሉ ኃላፊዋ ተመልሳ መጣች። "የጊታሪስቱን ሸሚዝ አንድ ይጨምሩልኝ። ይኼኛው ግን ትከሻው ሰፋ ይበል።"

"ተዋናዩ ቀጭን አይደለም እንዴ?"

"ለእሱ አይደለም። እሱ መንዳት አይችልም። ለገደሉ ትዕይንት ሹፌር ቀጥረናል፤ ከሩቅ እሱን መምሰል አለበት።"

አክስቴ መቀሷን አስቀመጠች። "ጊታሪስቱ እንደነዳ ማን ነገራችሁ?"

"ባለቤትዎ ናቸዋ!"

ጊታሪስቱ ሲገባ አክስቴ እሳት ጎርሳ ጠበቀችው። "አንተ ሰውዬ! ለባዳ የምትነግረውን እኔን ነፍገኸኝ ትኖራለህ?"

"እነሱ ጠየቁኝ" አለ የመፍቻ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ። "አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

"ይኸው ጠየቅሁህ! አንተ ነህ የነዳኸው?"

"እንደዚያ ብያቸዋለሁ።"

የነጋዴ ቀለም በምራቅ የምትፈትነው ሴትዮ ይህችን መልስ ሳታሻት ተቀበለች። በዚያው ቀን ፍራሿን ወደ ስፌት ክፍሏ አስገባች፤ ባልና ሚስት ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሸሚዙን ግን ሰፋችው፤ ስትሰፋ ታለቅስ ነበር።

ድራማው መታየት ጀመረ። የገደሉ ክፍል የሚታይ ዕለት ሁላችንም ሳሎን ነበርን፤ አያቴ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ አክስቴ በሩ አጠገብ፣ ጊታሪስቱ ጥግ ላይ። መኪናው ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ብቅ አለ። አክስቴ የሰፋችው ሸሚዝ ሰፊ ትከሻ ላይ ሆኖ መሪውን ይዟል።

"ውሸታሞች!" አለች አያቴ።

"ምነው እማዬ?" አለች አክስቴ።

"ልጄን እንደ ዕቃ ጎን አስቀመጡት! የኔ ልጅ እንኳን ሞቅ ብሎት መሪ ለሰው ሊሰጥ? በመስኮት እያየሁት አይደል የሄደው! ይሄ ምስኪን" አለች ወደ ጊታሪስቱ እየጠቆመች፣ "ቁልፉን አምጣ እያለ ሲለምነው ገፍትሮት ገባ እኮ።"

አክስቴ ደነገጠች። "አይተሽ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም ያልሽኝ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች አያቴ። "ደግሞስ፣ ወርጄ ቁልፉን ሳልነጥቀው የቀረሁ እናት ምን ብዬ ላውራ?" አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ቴሌቪዥኑ ለራሱ ይጮኻል። አክስቴ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተስ? ለምን እኔ ነኝ አልክ?"

ጊታሪስቱ መሬት መሬቱን እያየ "ልጃቸው ሲወቀስ እማማ ያያሉ ብዬ" አለ። "ደግሞ ሙት ወቃሽ አያርገኝ።"

አክስቴ ተነስታ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። ፍራሿን እየጎተተች ስትወጣ በሩ ላይ ተያዘባት። ጊታሪስቱ ተነሳና በአንደኛው ጫፍ ያዘላት።