አያቴ ሳይናገሩ የሚቀጥፉት ቅጠል

አያቴ ለሽንት ማቃጠል የሚሰጡትን ቅጠል የሚቀጥፉት ጠዋት፣ ሰው ሳያናግሩ ነበር። ከጓሮው አጥር ሳይርቁም መልኩን ማንም እንዳይለየው በመዳፋቸው አሽተው ይጨርሱታል። "መድኃኒት ከታወቀ ይረክሳል" ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። አንድ ጠዋት ተከትያቸው ሄድኩና "አባባ፣ የትኛው ነው?" አልኳቸው።

"አንች ልጅ፣ ምናለ አፍሽን ብትይዥው" አሉና የቀጠፉትን ጣሉት። ከጋፋት በእግሯ መጥታ ደጅ የምትጠብቃቸውን ሴት "ነገ ተመለሽ፤ ይች ልጅ አናገረችኝ" ብለው ሸኟት። ሴትዮዋ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አምና ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ተማሪ መጣች። ቅጠሉ ሽንት የሚያቃጥለውን ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ በላቦራቶሪ ልትፈትሽ ነው። አያቴ ወንበር ሰጧት፣ ጠላ አስቀዱላት፣ ቅጠሉን ግን አላሳዩዋትም። ከሄደች በኋላ "ይዘውት ሊሞቱ ነው ወይ?" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ዝም ማለት ስትለምጅ አንችን አሳይሻለሁ" አሉኝ።

እኔ ሳልለምድ እሳቸው አረፉ። ከአጥሩ ሥር ሲመላለሱ ያወጡት ቀጭን መንገድ አሁን ሣር ጀምሮታል።

በአርባቸው ማግስት ተማሪዋ ተመልሳ መጣች። አጥሩ ላይ ካለው ተክል ሁሉ የቀጠፍኩትን፣ እያንዳንዱን ለብቻው አስሬ፣ ሰጠኋት። "የሳቸው የትኛው ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ከነዚያ አንዱ ይሆናል፤ ምናልባት አንዱም አይሆንም።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ልቀጥፍ ስወጣ እናቴ ከበረንዳው "እንዴት አደርሽ?" አለችኝ። እጄ እስኪሞላ ድረስ አልመለስኩላትም።