ጋሼ የጨረሰልኝ ፊልም

ባለፈው ወር ታላቅ ወንድሜን እዚሁ ካምፓላ ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሴት ልጁ ጥግ ይዛ በስልኳ ፊልም ታያለች። ልቆጣት ጠጋ ስል ፊልሙ ላይ ባለ ጥቁር ባርኔጣ ሰውዬ አየሁ። አወቅሁት። ቁጣዬን ረስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከአዲስ አበባ ካምፓላ ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ጋሼ፣ ወንድሜን እንዲህ ነበር የምጠራው፣ ኪቡሊ ኮረብታ ሥር የመኪና ዕቃ ይሸጥ ነበር። አባታችን አገር ቤት ታሞ ተኝቷል። ጠዋት ጠዋት «ደወልክ?» እለዋለሁ። «ደወልኩ፣ ደኅና ነው» ይለኛል። ምናልባት ከባሰበት ልመለስ ብዬ ልብሴን ከሻንጣ አላወጣሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ መጣ።

«ተነሥ፣ ፊልም ላሳይህ።»

ፊልም አይወድም ነበር። በአንድ ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጠን፣ ቀይ ጭቃ እየረጨን ወረድን። መንገድ ዳር ሁለት ሮሌክስ ገዛ፤ እንቁላሉ በቻፓቲ ቂጣ ተጠቅልሎ ይጨሳል። የራሱንም ለእኔ ሰጠኝ።

«አንተ ብላ፣ አጥንትህ ይታያል።»

ፊልም ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ያኔ ማይክ የያዘ ሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ በሉጋንዳ ይተረጉማል፣ ይቀልዳል፣ ከራሱም ይጨምራል። እንግሊዝኛው በሱ ድምፅ ይዋጣል። እኔ ሉጋንዳ አላውቅም፤ ጋሼ በጆሮዬ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል።

የፊልሙ ሰውዬ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ ዝነኛ ደራሲ ነው። በር ከፍቶ ራሱ የጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ይገባል። ከሰማይ ወረቀት ይዘንባል። መንገደኞቹ ፊት የላቸውም።

«ፊታቸውስ?»

«አልጻፈውማ። ሰነፍ ነው፣ እንዳንተ።»

ሳቅሁ። ከዚያ ደራሲው ወንዝ ዳር ደረሰ። በመጽሐፉ የገደለው ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ እዚያ ተኝቷል። ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠ። «መልሰህ ጻፈኝ ይለዋል» አለኝ ጋሼ።

መብራት ጠፋ። ተርጓሚው አልተወም፤ ቀሪውን በጨለማው ውስጥ በቃሉ ይጨርሰው ጀመር። ሰዉ «ባናንጌ!» እያለ ጮኸ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ምን አለው? ጋሼ፣ ደራሲው ምን አለው?»

ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እሺ አለው። እንደገና እጽፍሃለሁ፣ ትነሣለህ አለው።»

«ታዲያ ሰዉ ምን ሆኖ ይጮኻል?»

«ደስ ብሏቸው ነዋ።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። የሰፈሩ ሐበሾች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አባባ ያረፈው ሐሙስ ነው። ጋሼ ያን ዕለት ሰምቷል። እሑድ ሰው ተሰብስቦ እንዲያረዳኝ ተነጋግረው፣ እሱ እስከዚያ ለብቻው ተሸክሞት ቆየ።

በልጅቷ ስልክ ላይ መጨረሻውን አየሁት። ደራሲው ለሽማግሌው አልመለሰለትም። ትቶት ወንዙን ተሻገረ። ያ «ባናንጌ!» ለካ «ወይኔ!» ማለት ነበር።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጠራ። እናታችን ነበረች፣ ከአዲስ አበባ። የልጇን ሞት ገና አልሰማችም፤ ዘመድ ሊያረዳት የተቀጣጠረው ለማግሥቱ ጠዋት ነበር።

«ምነው ወንድምህ ስልክ አያነሣም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማዬ።»

«ምሳውን በላ?»

«በላ።»

መርዶዋን ከሰማች ይኸው ወር ሆናት። ለምን ዋሸኸኝ ብላኝ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን ስልኩን ዘግቼ ወደ ቀረበልኝ ምግብ እጄን ሰደድኩ፤ መጉረስ አቃተኝ። ያን ቅዳሜ ጋሼ የራሱን ሮሌክስ ለምን እንደሰጠኝ የገባኝ ያኔ ነው።