ብጉር በአርባ ሰባት ዓመቴ

ሲቀላ ገበያ መሀል፣ ሙዝ ሻጮቹ ፊት ነው አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ፀሐይ ያዞረችኝ... የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ አሰገደች።

«ምንድነው ይሄ? ብጉር? በአርባ ሰባት ዓመትሽ!»

ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የእሷ ፊት ያኔ እንደተወለወለ ብርጭቆ ያብለጨልጫል።

«ብጉር እኮ የኮረዳ ነው። አንቺን እንደገና ኮረዳ ያደረገሽ ማነው?»

ሙዝ ሻጮቹ ሳቁ። እኔ፣ ሦስት ልጅ የወለድኩ አስተማሪ፣ ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤቴ።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ አርባ ምንጭ ጠባብ ናት፤ ታች ሲቀላ ሰፈር የተወራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ላይ ሴቻ ይደርሳል። ብዙም ሳይቆይ «መምህርቷ ወዳጅ ይዛለች» ተባለ። ማስረጃው? አገጬ!

ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ወሬው ከከረመ በኋላ አንድ ቀን ቁርስ ላይ እጁን ከትሪው ሰበሰበና...

«ሰው የሚያወራውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። አንተስ አመንክ?»

ዓይኑን አገጬ ላይ ተከለ። ከወሬው ሁሉ ያ አስተያየቱ አሳመመኝ።

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት። «ከሐኪሙ አፍ ስማ።»

ሐኪሙ ወጣት ነው። የወር አበባዬ ተዛብቶ እንደሆነ ጠየቀኝ... ተዛብቷል። ፊቴን ምን እንደምቀባም ጠየቀኝ... ቫዝሊን፣ ያውም በደንብ አድርጌ።

«በዚህ ዕድሜ ሆርሞን ሲለዋወጥ አገጭና መንጋጋ ላይ ብጉር ይወጣል» አለ። «ወፍራም ቅባቱን ይተዉት። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ። መነካካት፣ ማፍረጥ የለም።»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከኪሱ ስም ያልተጻፈባት ብልቃጥ አወጣ።

«እህቴ ትቀባ ብላ ሰጥታኝ ነበር... በሞያሌ የመጣ ነው አለች።»

ሐኪሙ ከፍቶ አየና መለሰለት።

«ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ፊት ላይ አይደረግም። እንዲህ ያለው ውስጥ ኃይለኛ መድኃኒት ይቀላቅሉበታል። መጀመሪያ ፊት ያጠራል፣ ኋላ ብጉሩን ያፈላዋል።»

ከዚያ በቀጥታ እሷ ቤት ሄድን። በዚያ የቀትር ሙቀት፣ ቤቷ ውስጥ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣለች።

«እታለም፣ አሞሻል?» አላት ወንድሟ።

«ጥርሴን ነው...»

ባለቤቴ ጠጋ ብሎ ነጠላውን ገለጥ አደረገው። ጉድ! አገጯ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ብጉር በብጉር ሆኗል። ለካ ያንን ቅባት ፊቴ ይጥራ ብላ ለወራት ስትለቀለቀው ኖራለች። በስልሳ ዓመቷ!

ብልቃጡን ጠረጴዛዋ ላይ፣ ግማሽ ከጎደለው መንትያው አጠገብ አስቀመጠው።

«በብጉር ነው ሚስቴን ያስጠረጠርሽኝ?» አላት። ወደ እኔ ዞሮም፣ እዚያው እሷ ፊት፣ «ይቅር በይኝ» አለኝ።

እሷ? ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

አላዘንኩላትም። ሐኪሙ ጋ እንድትሄድ ግን ነገርኳት፤ ቅባቱን ትታ ቀስ በቀስ ዳነች። የእኔም ጠፋ። ከዚያ በየለቅሶ ቤቱ ምን ስትል ብትከርም ጥሩ ነው?

«የወንድሜን ሚስት ሐኪም ቤት ወስጄ ያዳንኳት እኔ ነኝ!»

የአገጭ ብጉርስ መድኃኒት አለው... ለእንዲህ ያለ ምላስ ግን እንኳን አርባ ምንጭ፣ አዲስ አበባም ሐኪም አልተገኘለትም።